ጋራንቲው ከማን ኪስ ይከፈላል?

አዳማ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያማርጥ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ባትሪው ነው። ሻጩም መልሱ አፉ ላይ ነው፦ «የስምንት ዓመት ጋራንቲ አለው»። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ የመኪና ገዢ ይህን ሳይሰማ አይውልም።

ስምንት ዓመቱ ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም። ብዙ አምራቾች ለባትሪ ስምንት ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቀድሞ እስከ ደረሰው ድረስ ዋስትና ይሰጣሉ። ችግሩ አምራቹ ቃሉን የሚገባው መኪናውን በሸጠበት ገበያ፣ በራሱ ወኪል በኩል መሆኑ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በግል አስመጪ በጅቡቲ በኩል ለገባ መኪና ያ ቃል አብሮ ላይመጣ ይችላል። አብሮ ካልመጣ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው ስምንት ዓመት የሻጩ የራሱ ዕዳ ነው፤ መመዘን ያለበትም ሻጩ ነው።

ወረቀቱን ልብ ብላችሁ እዩት። አናቱ ላይ የታወቀው ብራንድ አርማ አለ፤ ግርጌው ላይ ማኅተም። የሚከፍለው ማኅተሙ ላይ ስሙ ያለው ነው። ያ ስም ብዙ ጊዜ የሚያልቀው «ኃ.የተ.የግ.ማ.» በሚል ነው፤ ድርጅቱ ቢከስር ባለቤቶቹ በመርህ ደረጃ ካዋጡት ካፒታል አልፈው በቤት ንብረታቸው አይጠየቁም ማለት ነው። የንግድ ሕጉ ለእንዲህ ዓይነት ማኅበር ያስቀመጠው ዝቅተኛ ካፒታል ደግሞ 15 ሺህ ብር ነው። በዛሬ ዋጋ አራት ጎማ እንኳ አይገዛም! ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ሀብት ያላቸው አስመጪዎች መኖራቸው አይካድም፤ ገዢው ግን ሂሳባቸውን የሚያይበት መንገድ የለውም።

ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ይጎላል። ኢንሹራንስ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አይሠራም። ከተከፈለ ካፒታሉ 15 ከመቶውን እዚያው ባንክ ያስቀምጣል፤ የተመረመረ ሂሳቡንም ለሕዝብ ያወጣል። ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ሪ የተባለው የጠለፋ መድን ኩባንያ ሥራ ስለጀመረ፣ ከኩባንያው ኪስ ጀርባ ሌላ የአገር ውስጥ ኪስ አለ። ሆኖም «ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ የሚዝናና ሰው መሳሳት የለበትም። ሙሉ ኢንሹራንስ ግጭትን፣ ስርቆትን፣ እሳትን ይመለከታል፤ በሙቀትና በእርጅና የደከመ ባትሪ ጉዳዩ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ሙቀት ደግሞ ለሊቲየም ባትሪ ወዳጅ አይደለም።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት የተራዘመ ዋስትና የሚሉት ነገር አለ፤ የፋብሪካው ጋራንቲ ሲያልቅ ለብቻው የሚገዛ ውል ነው። ውሉን የሚሸጠው፣ ጥያቄውን የሚያስተናግደውና ከጀርባ ገንዘቡን የሚከፍለው መድን ሰጪ ሦስት የተለያዩ ድርጅቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጠንቃቃ ገዢ የሚፈልገው የሦስተኛውን ስም ነው። ሚዙሪ ውስጥ የነበረው ዩኤስ ፊደሊስ በማስታወቂያ ብዛት ከዘርፉ ትልልቅ ሻጮች አንዱ ከሆነ በኋላ በ2010 እ.ኤ.አ. ከሰረ። የንግዱ ፈተና እዚህ ላይ ነው፦ ገንዘቡ ዛሬ ይገባል፣ ወጪው ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ሽያጭ እስካደገ ድረስ የአዲሱ ደንበኛ ብር የአሮጌውን ጥገና ይሸፍናል፤ ሽያጩ ሲቀዘቅዝ ጉዱ ይወጣል።

እኛም አገር ታሪኩ እንግዳ አይደለም። ለመኪኖቹ እንደ አባይ ያለ የወንዝ ስም ያወጣ የነበረው ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ ሲገጣጥም ቆይቶ በ2005 ዓ.ም. ከሰረ። መኪናቸው ዱከም ላይ ይገጣጠም የነበረው የሊፋን እናት ኩባንያም በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በቾንግቺንግ ፍርድ ቤት የኪሳራ መልሶ ማዋቀር ውስጥ ገባ። አንዱ የአገር ውስጥ ገጣጣሚ፣ ሌላው ትልቅ የውጭ አምራች፤ ሁለቱም መኪኖቻቸው መንገድ ላይ እያሉ ነው የተናጉት።

ሐቀኛውን ሻጭም የሚጥል ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ለጥገና ብሎ በብር መጠባበቂያ የያዘ አስመጪ፣ ከቻይና የሚያስመጣው የባትሪ ሞጁል ያን ጊዜ በእጥፍ ጠበቀው።

ለእኔ የስምንት ዓመት ወረቀት ከሰጠኝ የኪራይ ማሳያ ክፍል ይልቅ፣ የሁለት ዓመት ብቻ ሰጥቶ አዳማ ላይ የራሱ ጋራዥ፣ መመርመሪያ መሣሪያና መደርደሪያው ላይ ሞጁል ያለው ሻጭ ይሻለኛል። በጋራንቲ ባትሪ ያስጠገነ ደንበኛ እንዲያገናኛችሁ ጠይቁት፤ ካለ ደስ እያለው ይደውልላችኋል። ንግድ ፈቃዱ መታደሱንም በቲን ቁጥሩ ከንግድ ቢሮ አጣሩ።

ደረሰኙ ላይ ግን አትደራደሩ። ግብር ለመቀነስ ሲባል ከተከፈለው ያነሰ ዋጋ ይጻፍ የሚል ሻጭ ያጋጥማል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ይዛችሁ ገንዘቤ ይመለስ ብትሉ፣ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ የሚናገረው ያንን ያነሰውን ቁጥር ነው።