ቁርጠት የያዘው ፈረስ ወዴት ይሂድ?

«ፈረስ ሲታመም አይጮህም። ዞሮ ጎኑን ያያል፣ መሬቱን በኮቴው ይጭራል፣ ከዚያ ይተኛል። ጋሪ ላይ እንደታሰረ ከተኛማ ሰው ይሰበሰብና ሁሉም ሐኪም ይሆናል።»

እንዲህ ያሉኝ ቢሾፍቱ ውስጥ በጋሪ ልጆች ያሳደጉ አባት ናቸው። ጉዳዩን መጠየቅ የጀመርኩት እዚያው ከተማ፣ ከገበያው ወጣ ብሎ፣ አንድ ዳማ ፈረስ ከነጋሪው ወድቆ ካየሁ ወዲህ ነው። አንዱ «ደክሞት ነው» አለ፤ ሌላው ቡዳ ነው አለ፤ ሦስተኛው ዘይት በአፉ ሊያንቆረቁር ጠርሙስ ይዞ መጣ። ወጣቱ ባለጋሪ ሰዎቹ በጅራፍ እንዳይመቱበት ይለምን ነበር። (ዘይቱ መንገድ ስቶ ሳንባ ከገባ ቁርጠቱ ያልገደለውን ፈረስ ይገድላል።)

የፈረስ ሆድ ሲፈጠርም ለችግር የተመቸ ነው። ጨጓራው ለግዙፍ አካሉ ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። ፈረስ እንደ ውሻ አያስመልሰውም፤ ታች ተዘግቶ ፈሳሹ ወደ ላይ ሲመለስ መውጫ ያጣና ጨጓራው እስከ መፈንዳት ይደርሳል። ትልቁ አንጀት በበኩሉ ሰፊ ሆኖ ሄዶ ሄዶ ዳሌው አጠገብ ሲታጠፍ ድንገት ይጠብባል፤ አራት መኪና ጎን ለጎን ያስኬድ የነበረ ጎዳና አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ድልድይ እንደሚያልቀው ማለት ነው። ደረቅ ጭድ ከፌስታል ጋር ተጠቅልሎ የሚቋጠረው እዚያ ነው።

ይህ በሽታ ባለጸጋና ድሃ አይመርጥም። በሩጫ ተሸንፎ የማያውቀው የእንግሊዝ ፈረስ ኤክሊፕስ በፈረንጆቹ 1789 የሞተው በቁርጠት ነው። ሬሳውን ከፍቶ ያጠናው ፈረንሳዊው ሳንቤል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የተከፈተው የለንደን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የመጀመሪያ መምህር ሆነ። የአንድ ፈረስ ሬሳ ለትምህርት ቤት መከፈት የራሱ ድርሻ ነበረው። እኛስ? ንጉሡን «አባ ታጠቅ»፣ «አባ ዳኘው» እያልን በፈረሱ ስም የጠራን፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሺህ የሚቆጠር ፈረሰኛ የምናስተናግድ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ያለን ሕዝብ ነን። ለፈረስ ክብር መስጠትን የሚያስተምረን የለም።

በሽታውን ማወቅም አይቸግረንም። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መቀመጫ ናት፤ እንደ ስፓና ያሉ ድርጅቶችም ለጋማ ከብት በነፃ ሲያክሙ ዓመታት አስቆጥረዋል። ያነጋገርኩት ሐኪም ሥራውን ሲያስረዳኝ ውድ መሣሪያ አልጠራም። መጀመሪያ የልብ ምቱን ይቆጥራል፤ የጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው፣ 60 ካለፈ ያሳስባል። ድዱን በጣቱ ተጭኖ ይለቃል፤ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ደሙ በደንብ እየዞረ አይደለም። ጆሮውን ጎኑ ላይ አድርጎ የአንጀቱን ድምፅ ያዳምጣል። በአፍንጫ ቱቦ ያስገባል፤ ብዙ ፈሳሽ ተመልሶ ከወጣ ቀጭኑ አንጀት ተዘግቷል። በፊንጢጣ እጁን እስከ ክንዱ ከትቶ የተቋጠረውን ይዳስሳል። ከሆዱ በመርፌ የሚቀዳው ፈሳሽ የጠራ ቢጫ ከሆነ ተስፋ አለ፤ ቀልቶ ከወጣ አንጀቱ እየሞተ ነው።

ቁርጠት ከያዛቸው ፈረሶች አብዛኞቹ ቢላ አያስፈልጋቸውም። ማስታገሻ፣ በቱቦ የሚገባ ውሃና የሚያለሰልስ ዘይት፣ ከዚያም ትዕግሥት ይበቃቸዋል። ሕመሙ በማስታገሻ አልታገስ ሲል፣ አንጀቱ ሲጠመዘዝ ግን የቀረው መንገድ ሆድ መክፈት ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ መንገድ የሚያልቀው። አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ግን ግማሽ ቶን የሚመዝነውን ፈረስ አደንዝዘው በእግሮቹ በክሬን ያነሡታል፣ በጀርባው ያስተኙታል፣ ሆዱን መሐል ለመሐል ይከፍታሉ። አንጀቱን አውጥተው የተጠመዘዘውን ይፈታሉ፣ የተቋጠረውን በውሃ ያጥባሉ፣ የሞተውን ቆርጠው ጤናማውን ይሰፋሉ። ከዚያም ግድግዳው በፍራሽ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ እስኪነቃ ይጠብቁታል፤ ፈረስ ከማደንዘዣ ሲነቃ ተንደፋድፎ ሲነሣ እግሩን ሊሰብር ይችላልና። ሃሎቴን የተባለው ማደንዘዣ በፈረንጆቹ 1956 ሥራ ላይ እስኪውል፣ ዛይላዚን የተባለው ማረጋጊያም በ1962 እስኪገኝ ድረስ እነሱም ቢሆኑ እምብዛም አይደፍሩትም ነበር። ዛሬ ወጪው ወደ 10 ሺህ ዶላር ይጠጋል።

ልጆቻቸውን በጋሪ ያሳደጉት አባት ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «በዚያ ብር ስንት ፈረስ ይገዛል? ልጄ፣ እኔ ክሬን አልጠየቅሁም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ውሃ የት ላጠጣው? ሲርበው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አፉን ይከታል። እኔ ልጓሙን ብይዝ እሱ አፉን ይይዛል?»

ፌስታል ውስጥ ጨው የነካው የምግብ ትራፊ ካለ ፈረሱ ከነፌስታሉ ይውጠዋል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ ጋሪ መቆሚያው ድረስ መቼ እንደሚደርስና የውሃ ገንዳ ለምን እንደሌለ አንድ የከተማ ኃላፊ ጠየቅሁ። «ይህ የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው» አሉኝ። ሌላውን ክፍል እንዲነግሩኝ ስጠይቅ ስብሰባ ነበረባቸው።

ፈረሱ ሲሞት የዕቁቡ ዕዳ፣ የጤፉ ዱቤና የትምህርት ቤት ክፍያው ባለጋሪው ላይ ይቀራሉ። እኚሁ አባት እንዲህ ይላሉ፦ «ሰው ሲሞት እድር አለው። ፈረሴ ሲሞት ጎትተህ አውጣ ይሉኛል፣ ያውም በራሴ ወጪ።»

በእኔ ግምት ክሬንና የቀዶ ሕክምና ክፍል ለነገ ይቆይ፤ ለጋሪ ፈረስ የሚደርስ አይደለም። ዛሬ የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በየጋሪ መቆሚያው የውሃ ገንዳ፣ እና አንጀቱ የተጠመዘዘ ፈረስ መንገድ ላይ እየተገረፈ እንዳይሞት ያለ ስቃይ የሚያሳርፍ መድኃኒት በሐኪሙ እጅ። ለጋሪ ታርጋ ሰጥቶ ክፍያ የሚቀበል ከተማ ገንዳ መሥራት አያቅተውም። እርስዎም አንባቢ፣ የምግብ ትራፊ በፌስታል ቋጥረው መንገድ ዳር አይጣሉ።