ዕድሜ ያለው ወረቀት

ወላይታ ውስጥ አባወራ ሲደክም ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ሽማግሌም ይጠራል። ከቤቱ ዙሪያ ያለው በፍግ የዳበረ ዳርኳ ለማን፣ ራቅ ያለው ሾቃ ለማን እንደሚሆን አባትየው ተኝቶ ይናገራል። ሁሉም ሰምቷልና ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው በጣም በጠባቡ ነው። በ2 ምስክሮች ፊት የተነገረ ቃል የሚሠራው ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚት ለመሾምና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር በሬ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ሶዶ ገበያ ላይ ደህና ዶሮ ስለመግዛቱ እንጃ። በዚያ ላይ አባትየው አገግሞ 3 ወር ከቆየ ያ ቃል ይፈርሳል።

ስለዚህ መጻፍ ነው። አንደኛው መንገድ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ ራሱ ተናዛዡ ወይም እሱ እየነገረው ሌላ ሰው ይጽፈዋል፣ በእሱና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ መነበቡና ቀኑ እዚያው ላይ ይሰፍራል፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ሁለተኛው ሰውየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። የተማረ ልጁ ቢጽፍለት ይህኛው ዓይነት መሆኑ ይቀራል። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙም ፈራሽ ነው፤ ለየብቻ ይጻፉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የተጻፈው ኑዛዜ ከኑሮ ጋር አብሮ እንደሚናወጥ ነው። አንድ የሶዶ ነጋዴ ቤቱን ለእህቱ ተናዞ ከዚያ ልጅ ቢወለድለትና ልጁ ውርሱን ቢቀበል፣ ስጦታው በመሠረቱ ይፈርሳል፤ ፍርድ ቤት በሙሉ ወይም በከፊል ሊያቆየው የሚችለው ተናዛዡ ልጁን ቢያውቅም ኖሮ አይሽረውም ነበር ብሎ ሲያምን ነው። ለሚስቱ የተናዘዘው ደግሞ በፍቺ ይወድቃል። ስለ ሚስት ከተነሳ፣ ያለ ኑዛዜ የሞተን ባል ሚስቱ አትወርስም። ከጋራ ንብረቱ ግማሹን የምትወስደው ድሮም የራሷ ስለሆነ ነው። የራሱን ድርሻ እንድታገኝ የሚፈልግ ባል በወረቀት ያስፍረው፤ አለዚያ ፍቅሩ ሕግ ፊት አይቆጠርም።

የልማዱና የሕጉ ፍጥጫ የሚብሰው በሴት ልጅ ላይ ነው። በልማዱ መሬት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይሄዳል። ሕጉ ግን ልጆችን በእኩል ያያል። አባት ልጁን ከውርስ ለመንቀል በኑዛዜው ላይ በግልጽ መናገርና በቂ ምክንያት መስጠት አለበት፤ ስሟን ዝም ብሎ መዝለል አይነቅላትም። «አግብታ ሄዳለች» የሚለው ምክንያት ዳኛ ፊት የሚዘልቅ አይመስለኝም።

መሬቱ ራሱ ሌላ ጣጣ አለበት። የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አባት የሚያስተላልፈው የመጠቀም መብቱን ነው፤ ለማን የሚለውንም የገጠር መሬት ሕግ ይገድበዋል። በላዩ ያሠራው ቤት፣ የተከለው እንሰት፣ ቡናና ባሕር ዛፍ ግን የራሱ ነው። ብዙ ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር ባነሰ ማሳ ላይ በሚኖርበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሕጉ አደራ የሚባል መንገድም አለው። ተለይቶ የተሰጠው ንብረት ራሱን ችሎ ይቆምና ባለአደራ በሰጪው መመሪያ ያስተዳድረዋል፤ በስጦታ ወይም በኑዛዜ ይቋቋማል። ትንንሽ ልጆች ትቶ ለመሄድ የሚሰጋ ሰው ጠበቃ ሊያማክርበት የሚገባ ነው፤ ዳሩ ግን ስንቱ ስሙን ሰምቷል?

በገዛ እጅ የተጻፈው ኑዛዜ ደግሞ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ከውል አዋዋይ ወይም ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በሳጥን ግርጌ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች መካከል ተጣጥፎ የቆየው ወረቀት ዘንድሮ ስንተኛ ዓመቱ ይሆን?