ከፍቅር በፊት

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ቶንጎ ላይ የሥነ ልቦና ድጋፍ በምሰጥበት ክፍል፣ ልጃገረዶች ከራሳቸው ታሪክ ይልቅ ያነበቡትን ልብ ወለድ ማውራት ይቀላቸዋል። በቴሌግራም ክፍል 1፣ ክፍል 2 እየተባለ የሚለቀቀውን የፍቅር ታሪክ በስልካቸው ይከታተላሉ። ከሚነግሩኝ ብዙው መልኩ ተመሳሳይ ነው፦ የጠላት ወገን የሆነ፣ አንዳንዴም ልጅቷን አስገድዶ የወሰደ ሰው በመጨረሻ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች፤ በፍቅሩም የቆየ ቁስሏ ይሽራል።

ይህን ዓይነት ልብ ወለድ አልንቅም። ጠላት ወዳጅ ሊሆን ይችላል ብሎ ማመን ለእኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በሁለት የተጣሉ ሰዎችና በበዳይና በተበዳይ መካከል ያለው ልዩነት ሲጠፋ ዝም ማለት አልችልም። የተጣሉት ሁለቱም ትተው መሄድ ይችላሉ። ተበዳይ ግን መሄጃ የላትም።

እንዲህ ያለው ታሪክ ለሥነ ጽሑፋችን አዲስ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ መጨረሻው እንዲሁ ነው። ጦርነት ቤቷን ያፈረሰባት ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ስትንከራተት በጠላት ንጉሥ እጅ ትወድቃለች። ሴትነቷ ሲታወቅ ንጉሡ ይወዳታል፤ ለእሷ ሲልም ሃይማኖቱን ለውጦ ያገባታል። እኔን የሚያስደንቀኝ የሚለወጠው ባለሥልጣኑ መሆኑ ነው። ምርኮኛዋ ጦቢያ እምነቷን አልተወችም።

ሕጋችን ግን ለብዙ ዘመን ያደላው ለጠላፊው ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ካገባ ከክስ እንዲያመልጥ ይፈቅድ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ሻረ፤ ሴትን ለጋብቻ ብሎ መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ፣ ኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። ሰርግ በደልን አያጥብም። ሕጉ የደረሰበት እውነት ልብ ወለዶቻችን ውስጥ ገና አልገባም።

የእንዲህ ያለ በደል ጉዳት በሰውነት ላይ እንዴት እንደሚቀር በየቀኑ አየዋለሁ። በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ማንጎ ዱብ ሲል፣ ስታወራ የነበረች ልጅ ቃሉ አፏ ላይ ይቀራል፤ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ይጨብጣል፤ ዓይኗ በሩን ይፈልጋል። ያኔ «ቀጥዪ» አልላትም። «ወንበሩን ደስ ባለሽ በኩል አዙሪው» እላታለሁ። አብዛኞቹ ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ። ከዚያ ልጅቷ እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ፣ በቀስታ ተንፍሳ፣ ክፍሉ ውስጥ የምታየውን በየስሙ ትጠራልኛለች። በዚያ ቀን ስለ ደረሰባት አንድም ነገር ላትነግረኝ ትችላለች። ሥራው ግን ተጀምሯል።

አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ማገገምን በሦስት ደረጃ አስቀምጠዋል፦ መጀመሪያ ደህንነት፣ ቀጥሎ የሆነውን ማስታወስና ማዘን፣ ከዚያ ከሰውና ከኑሮ ጋር እንደገና መገናኘት። ደረጃዎቹ አንዳንዴ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ያለ ደህንነት ግን ቀሪዎቹ ሁለቱ አይጸኑም። ልጃገረዶቹ የሚያነቡት ታሪክ ከሦስተኛው ይጀምርና የመጀመሪያውን ይረሳዋል።

ቶንጎ ላይ ደህንነት ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። በጥር 2014 ዓ.ም. እዚህ በተነሳው ውጊያ፣ ከአገራቸው ሸሽተው በቶንጎ መጠለያ ጣቢያ ይኖሩ የነበሩ ከ10 ሺህ በላይ ስደተኞች ዳግመኛ ተሰደዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰዎች አንዱ ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር እንደሚኖር ይገምታል። እንዲህ ባለ ቦታ «በፍቅር ይድናል» ማለት ሸክሙን ሁሉ በተጎዳችው ላይ መጣል ነው፤ ካልዳነች አልወደደችም ይባላል።

ጠላትነትን ወደ ወዳጅነት የማሻገር ጥበብ በክልላችን አለ። ጉሙዝና ኦሮሞ የሚተሳሰሩበት ሚቹ የሚባለው ወዳጅነት በሁለቱም ወገን ላይ ግዴታ ይጥላል፤ ያመነህን ትጠብቀዋለህ፣ በችግሩ ትደርስለታለህ። ወዳጅነቱ በስሜት ብቻ ሳይሆን በሚታይ ሥራ ይጸናል።

ስለዚህ ለደራሲዎቻችን ልመና አለኝ። በዳዩ ጥፋቱን ያለ ሰበብ የሚናገርበትን፣ ለፍርድም የሚቆምበትን ምዕራፍ ጻፉልን። ልጅቷ «አይሆንም» ብላ የምትሄድበትን፣ እሱም ሳይከተላት የሚቀርበትን ጻፉልን። ዓመታት ይለፉ፤ ትማር፣ ትሥራ፣ ከጓደኞቿ ጋር ትሳቅ። ከዚያ በኋላ ይቅር ለማለትም ላለማለትም፣ ለመውደድም ላለመውደድም ነጻ ትሁን። ሳትመለስለት ብትቀርም ድናለች፤ ልጃገረዶቹ እንዲያነቡት የምመኘው ይህን መጽሐፍ ነው።