ኮሊን ዌላንድ፦ ከመምህርነት እስከ ኦስካር

ከሠራተኛው መደብ የወጣ ጸሐፊ የራሱን መደብ ታሪክ ብቻ እንዲጽፍ ይጠበቅበታልን? እንግሊዛዊው ኮሊን ዌላንድ እ.ኤ.አ. በ1934 በላንክሽር ተወለደ፤ ከትወና በፊት የሥዕል መምህር ነበር። በ«ዜድ ካርስ» የቴሌቪዥን ድራማ ፖሊስ ሆኖ ታወቀ። በ1969ኙ «ኬስ» ፊልም ደግሞ የከሰል ማዕድን መንደር ልጅን የሚያደምጥ መምህር ሆኖ ተጫወተ፤ የመማሪያ ክፍልን ኖሮበታልና ትወናው ማስመሰል አልታየበትም።

በ1982 ኦስካር ያሸለመው «ቻሪየትስ ኦቭ ፋየር» ድርሰቱ ግን ወደ ካምብሪጅና ወደ 1924ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ይወስደናል። መደቡን ከዳን? በእኔ እይታ አልከዳም። ሯጩ አይሁዳዊ ሃሮልድ አብርሃምስ በካምብሪጅ እየተማረም እንደ ባዕድ የሚታይ ሰው ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ አንድ ደራሲ ስለ ማን እንደ ጻፈ ብቻ ሳይሆን ከየት ቆሞ እንዳየም እንጠይቅ።