በኮርኒስ ላይ የተረሳ የጦር መሣሪያ



ሕግ የሚያወጣ መንግሥት ሁሉ ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ፥ ሕጉ ከመታወጁ በፊት በሰው እጅ የገባውን ነገር እንዴት አድርጎ ወደ ብርሃን እንደሚያወጣው ነው። ይህንን ጉዳይ ዛሬ የምንመለከተው በጦር መሣሪያ ረገድ ሲሆን፥ በምሳሌነት የምንጠቅሳት አገር በተለይ ብሪታኒያ ናት። በንግግራችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ብሪታኒያ የጦር መሣሪያን በመቈጣጠር ሕጋቸው ከጠበቀ አገሮች አንዷ ናት። በ1920 በወጣው ሕግ፥ ሽጉጥም ሆነ ጠመንጃ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ከአካባቢው የፖሊስ አዛዥ የምስክር ወረቀት እንዲያወጣ ታዘዘ። በ1996 በስኮትላንድ፥ በዳንብሌን ከተማ አንድ ሰው በትምህርት ቤት ውስጥ 16 ሕፃናትንና አንዲት መምህርታቸውን ተኩሶ ከገደለ በኋላ ደግሞ፥ በ1997 በወጡት ሁለት ሕጎች ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሽጉጥ በግል ሰው እጅ እንዳይገኝ ተከለከለ።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ያህል ከጠበቀ፥ እስከ ዛሬ በየቤቱ ተደብቆ የሚገኘው አሮጌ መሣሪያ ከየት መጣ? ብዙው የመጣው ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ነው። በአንደኛው ጦርነት የዘመቱ ብዙ የእንግሊዝ መኰንኖች ሽጉጣቸውን በገዛ ገንዘባቸው የገዙ ነበሩ። ተራው ወታደር ደግሞ ከተማረከ ጀርመናዊ ላይ ያገኘውን ሉገር የተባለውን ሽጉጥ የድል ማስታወሻ አድርጎ በሻንጣው ከቶ ይመለስ ነበር። ከተመለሰም በኋላ አንዳንዱ ቅጣት ፈርቶ፥ አንዳንዱ ነገሩን እንደ መሣሪያ ሳይሆን እንደ ሜዳሊያ ቈጥሮ፥ የምስክር ወረቀት ሳያወጣ ቀረ። ሽጉጡም በዘይት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከጣራውና ከኮርኒሱ መካከል፥ ወይም ከወለሉ ሳንቃ ሥር ተቀመጠ። ባለቤቱ አርጅቶ ሲሞት ልጆቹ ቤቱን ለመሸጥ ዕቃውን ሲያወጡ፥ ከአባታቸው ሜዳሊያና ደብዳቤ ጋር ሽጉጡን ያገኙታል።

በአገራችንም ውጅግራና አልቢን ከአባት ለልጅ ሲወርድ ያየ ሰው፥ እንዲህ ያለው ዕቃ ለቤተሰብ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት አይቸገርም። በብሪታኒያ ሕግ ግን ያለ ፈቃድ መያዙ ራሱ ወንጀል ነው፤ መሣሪያው ጉዳት እንዲያደርስ አይጠበቅም። ከ2004 ጀምሮ፥ ሽጉጥን ጨምሮ ፈጽሞ የተከለከለ ዓይነት መሣሪያ ይዞ የተገኘ አዋቂ ሰው፥ ዳኛው ልዩ ምክንያት ካላገኘለት በቀር ከ5 ዓመት የማያንስ እስራት ይፈረድበታል።

የሕጉን ጥብቅነት አንድ ጉዳይ በግልጥ አሳይቷል። በደቡብ እንግሊዝ አንድ የቀድሞ ወታደር አፈሙዙ የተቈረጠ የአደን ጠመንጃ በጓሮው ወድቆ እንዳገኘ ተናግሮ፥ በራሱ እጅ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አምጥቶ አስረከበ። ሆኖም በ2009 ጥፋተኛ ተባለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የእስራቱ ቅጣት በገደብ ተወሰነለት። ይህን ወሬ የሰማ፥ በአባቱ ሣጥን ውስጥ ሽጉጥ ያገኘ ሰው ምን ያስባል? ወደ ፖሊስ ከመሄድ ይልቅ መልሶ ቢደብቀው ወይም ሌሊት ከወንዝ ቢጥለው የሚሻለው ሊመስለው ይችላል።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በሚገባ በዘይት ተጠቅልሎ የቈየ ሽጉጥ ከብዙ ዘመን በኋላም ሊተኩስ ይችላል። ሌባ ቤት ሰብሮ ቢወስደው የአያት ማስታወሻ መሆኑ ይቀርና የዘራፊ መሣሪያ ይሆናል። ጥይቱ መሠራት ያቆመ ጥንታዊ መሣሪያ እንኳ ከዚህ አልዳነም፤ ወንጀለኞች ጥይቱን በእጅ እየሠሩ ስለ ተጠቀሙበት፥ መንግሥት በ2021 ያለ ፈቃድ በቤት ሊቀመጡ የሚችሉትን ጥንታዊ መሣሪያዎች ዝርዝር አጠበበ።

ለዚህ ሁሉ የተገኘው መፍትሔ የምሕረት ጊዜ ማወጅ ነው። ይኸውም በተወሰነ ቀን ውስጥ መሣሪያውን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ያመጣ ሰው፥ ያለ ፈቃድ ይዘህ ተገኝተሃል ተብሎ አይከሰስም ማለት ነው። ምሕረቱ ግን በመሣሪያው ለተሠራ ሌላ ወንጀል አይሆንም፤ ስለዚህ አጠራጣሪ ሆኖ የተገኘው ይመረመራል። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ይጠፋል፤ የታሪክ ዋጋ ያለው አልፎ አልፎ ለሙዚየም ይሰጣል። በ1946 በታወጀው ምሕረት ከ70,000 በላይ መሣሪያዎች ገቡ። በሚያዝያ 2003፥ በአንድ ወር ብቻ 43,908 መሣሪያዎችና ከ1,000,000 በላይ ጥይቶች ተሰበሰቡ። ከጦርነቱ ፍጻሜ 58 ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ የምንረዳው፥ የተደበቀ መሣሪያ የሚወጣው መንግሥት ቀን በቈረጠለት ጊዜ ብቻ ሳይሆን፥ ሽማግሌ በሞተና ቤት በተፈተሸ ጊዜ መሆኑን ነው። አውስትራሊያ ይህን በተግባር አይታለች። በ1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ መንግሥት ከ640,000 በላይ መሣሪያዎችን ገዝቶ አጠፋ። ነገር ግን በ2017 ለሦስት ወር ምሕረት ቢታወጅ፥ ገና 57,324 መሣሪያዎች መጡ። ስለዚህ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በአገሪቱ ሁሉ የማያቋርጥ ምሕረት ተደነገገ። መሣሪያ ያገኘ ወራሽ የዐዋጅ ቀን መጠበቅ አያስፈልገውም።

የቤተሰብ ማስታወሻ መጥፋቱ ለሚያሳዝነው ሰው በብሪታኒያ ሕግ ሌላም መንገድ አለ። ከፖሊስ ጋር ተነጋግሮ፥ ሽጉጡን ዳግመኛ እንዳይተኩስ በባለሙያ አስመክኖ የምስክር ወረቀት ካወጣለት፥ በግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ይችላል። የፖሊስ ምክርም ቀላል ነው፦ መሣሪያ ያገኘ ሰው ይዞት በመንገድ ከመሄዱ በፊት አስቀድሞ ስልክ ይደውል፤ የእጅ ቦምብ የሚመስል ነገር ካየም ከቶ እንዳይነካው።

ሕግን በሥራ ላይ የማዋል ኀላፊነት ያለብን ሠራተኞች ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ለጦር መሣሪያ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ቅጣቱ የጠነከረ ሕግ አዲስ ጥፋተኛን ያስፈራል፤ በቅን ልቡና ሊመልስ የሚመጣውን ሰው ግን ከበሩ እንዳይመልሰው፥ ከቅጣቱ አንቀጽ ጐን የመመለሻው አንቀጽ አብሮ ሊጻፍ፥ ሕዝቡም እንዲያውቀው ሊነገር ይገባል።