ዋስትናው ባሕር ማዶ የቀረ ካሜራ

ጥር ሲገባ የደብረ ታቦርና የገሳይ ቪዲዮ ቀራጮች እንቅልፍ የላቸውም። ዐቢይ ጾም ሳይደርስ ሰርጉ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጨናነቃል። በዚያ መሐል ካሜራ ቢቆም ሙሽሮቹ ዳግመኛ አይዳሩም፤ ያመለጠ የጫጉላ መንገድ፣ ያመለጠ የእናት እንባ ተመልሶ አይቀረጽም። ስለዚህ የካሜራ ዋስትና ጉዳይ ለዚህ አካባቢ ባለሙያ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እጁ ላይ ያለው ካሜራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አምራቹ ባሰበው መንገድ አልመጣለትም። ከዱባይ በሻንጣ ገብቷል፣ ወይም ዘመድ ከአሜሪካ ልኮታል፣ ወይም አዲስ አበባ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጋግሮ ደርሶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካኖን፣ ኒኮን፣ ሶኒና መሰሎቻቸው ለየአገሩ ወይም ለየአህጉሩ አከፋፋይ ይሾማሉ። አከፋፋዩ እቃውን ከአምራቹ ይረከባል፣ ማስታወቂያ ያስነግራል፣ የጥገና ክፍል ያቋቁማል፣ የዋስትና ካርድ ላይ ማኅተም ያሳርፋል። ይህ ሁሉ ወጪ ዋጋው ላይ ይጨመራል። ነጋዴ እቃውን ርካሽ ከሆነበት አገር ገዝቶ ውድ ወደሆነበት ሲያሻግረው ግን አከፋፋዩን ዘሎት ሄዷል። የዓለም ነጋዴዎች ይህን ግራጫ ገበያ ይሉታል። ካሜራው ከዚያው ፋብሪካ የወጣ እውነተኛ ካሜራ ነው፤ የጎደለው ከአምራቹ ጋር የሚያገናኘው ሰነድ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ሲደባለቁ ስለማይ መለየት ይገባል። ግራጫ እቃ እውነተኛ ነው፣ ቀረጥ ተከፍሎበት በሕጋዊ መንገድ ሊገባም ይችላል። ኮንትሮባንድ እቃውም እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ግን ጉምሩክን ሸሽቶ ስለገባ ወንጀል ነው፣ ኬላ ላይ ቢያዝም ይወረሳል። ፌክ ደግሞ ስሙ ብቻ የተለጠፈበት የሐሰት እቃ ነው፤ በካሜራ አካል ላይ እምብዛም ነው፣ በባትሪ፣ በቻርጀርና በሜሞሪ ካርድ ላይ ግን ሞልቷል። ደረሰኝ የሌለው ገዢ ከሦስቱ የትኛውን እንደያዘ ማስረዳት አይችልም።

ዋስትናው ምን ያህል ይሠራል? የካሜራ አካል ዋስትና ባብዛኛው አንድ ዓመት ሲሆን የሚጸናውም በተሸጠበት ክልል ነው። የአሜሪካው ኒኮን በዚህ ረገድ ጥብቅ ሆኖ ይታወቃል፤ በሌላ መስመር ወደ አሜሪካ የገባን ካሜራ ባለቤቱ ልክፈል ቢልም እንኳ አልጠግንም ይላል። ሣጥኑ ውስጥ የዋስትና ካርድ መገኘቱም ብቻውን ዋጋ የለውም። የሻጩ ስም፣ የተሸጠበት ቀንና ማኅተም ከሌለበት ወረቀት ነው። የሣጥኑና የካሜራው ተከታታይ ቁጥር አንድ መሆኑን ማየትም ግዴታ ነው። ሌንስ በነጭ ሣጥን ከቀረበ ከካሜራ ጋር በአንድ ላይ ከሚሸጥ ጥቅል ተነጥሎ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ በራሱ ነውር የለበትም፣ ዋጋው ግን ያንን ማሳየት አለበት።

ገዢዎች ስለ ዋስትና ሲጨነቁ የሚረሱት፣ ለእኔ ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ካሜራ ለየገበያው በጥቂቱ እየተለየ ይሠራል። ለጃፓን ገበያ የሚሸጡ አብዛኞቹ የሶኒ ካሜራዎች በጃፓንኛ ብቻ የሚናገሩ ናቸው፤ የቋንቋ ምርጫ የላቸውም። ርካሽ ብሎ የገዛ ሰው ማውጫውን በቃሉ ሸምድዶ መሥራት ይኖርበታል። በአውሮፓ ደግሞ ካሜራ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ ከቀረጸ ቪዲዮ ካሜራ ተብሎ የተለየ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር፣ አምራቾች ብዙ ሞዴሎችን 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ራሳቸውን እንዲያቆሙ አድርገዋቸዋል። ሥርዓተ ተክሊል ሲቀርጽ ካሜራው በመሐል ዝም ያለበት ባለሙያ ጥፋቱን ባትሪው ላይ ሊያሳብብ ይችላል፤ ምክንያቱ ግን በብራስልስ የወጣ የቀረጥ ደንብ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው የመብራት ነገር ነው። የኛ መብራት በሰከንድ 50 ዙር ይመታል፣ የአሜሪካና የጃፓን ግማሹ ግን 60። ለእነዚያ አገሮች የተሠራ፣ በተለይም የቆየ ቪዲዮ ካሜራ፣ መቀያየሪያ ከሌለው በአዳራሽ መብራት ስር ምስሉ ይርገበገባል። ሻተሩን በሰከንድ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። እነዚህን ጉድለቶች የትኛውም ዋስትና አይሸፍናቸውም፤ ካሜራው እንዲህ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነውና።

ወደ ደብረ ታቦር ደጋ እንመለስ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራ ከበላዩ ሆኖ ያንን አገር ሁሉ ያቀዘቅዘዋል። በማለዳ ቅዝቃዜ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፣ ስለዚህ ትርፉን ባትሪ ልብስ ውስጥ ሰውነት ዘንድ መያዝ ይጠቅማል። ከውጭ ብርድ እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይወጣል። ክረምት ሙሉ በቆዳ ቦርሳ ታሽጎ የተቀመጠ ሌንስ ውስጡ ሻጋታ ያበቅላል። በበጋ አቧራ አለ። መውደቅ አለ። የአምራች ዋስትና የሚሸፍነው የፋብሪካ ጉድለትን ብቻ ነው። ሻጋታ፣ ውኃ፣ አቧራ፣ መውደቅ፣ በማይስማማ ቻርጀር የተቃጠለ ባትሪ፣ ሁሉም ከውሉ ውጪ ናቸው። ስለዚህ ባለ ማኅተሙ ዋስትናም ቢሆን ደጋው ላይ ካሜራ ከሚገድሉት ነገሮች አይጠብቅም። ደብረ ታቦር ላይ የአምራች ጥገና ማእከል የለም፤ ወደ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወደ አዲስ አበባ ከ600 በላይ፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ በዝቷል።

በዚህ ሚዛን ላይ ስደርስ የኔ ፍርድ የሌንስና የካሜራ አካል ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። ሌንስ ተንቀሳቃሽና ኤሌክትሮኒክ ክፍሉ ጥቂት ስለሆነ ግራጫውን በልበ ሙሉነት እገዛለሁ፤ ውስጡን በባትሪ መብራት አይቼ፣ ቀለበቶቹን አዙሬ፣ በሁለቱም ጫፍ ፎቶ አንስቼ። የካሜራ አካል ግን ሴንሰር፣ ሻተር፣ ዋና ቦርድ ተደራርቦበት ስለሚሠራ አንዱ ቢሞት ጥገናው የቆጠቡትን ብር ይበላል። ስለዚህ ሻጩ ማን እንደሆነ ሳላውቅ አልገዛም።

ሻጩን ማወቅ የሚጠቅመው ለሕግ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት እቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እቃውን መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው እቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ይህ መብት የሚጠየቀው ከሱቁ ስለሆነ፣ ካሜራው በየትኛው መስመር መጣ የሚለው አያግደውም። ደላላ በመንገድ ላይ አስረክቦ ከጠፋ ግን የሚከሰስ ሰው የለም። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ሞዴሉና ተከታታይ ቁጥሩ መጻፍ አለባቸው፤ "አንድ ካሜራ" የሚል ደረሰኝ ለክርክር አይረባም።

አሥራ አምስቱ ቀን ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ እቃ የበለጠ ዋጋ አለው። የፋብሪካ ጉድለት ያለበት ዕቃ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ይታወቃል። ስለዚህ አዲሱን ካሜራ ሳጥን ውስጥ ማቆየት ጥፋት ነው። ሌንሱን ሸፍኖ ለረጅም ሰከንድ ማንሳት በሴንሰሩ ላይ የሞቱትንና የሚያበሩትን ነጥቦች ያሳያል። ካርዱ እስኪሞላ ቪዲዮ መቅረጽ ካሜራው ሲግል ይዘጋ እንደሆነ ይነግራል። ሁለቱም የካርድ ቦታዎች፣ የፍላሹ መቀመጫ፣ የድምፅ መሰኪያው፣ እያንዳንዱ ቁልፍ መፈተን አለበት። ያገለገለ ከሆነ የሻተሩ ቆጠራ ይጠየቃል፤ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ለ150,000፣ ኒኮን ዲ850 ለ200,000 ምት የተገመቱ ናቸው። ኒኮን ቆጠራውን ፎቶው ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በካኖን ግን ብዙ ሞዴሎች ላይ ተለይቶ በተሠራ ፕሮግራም ካልሆነ አይገኝም፤ ስለዚህ "ብዙ አልተጠቀምኩበትም" የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም።

ከውጭ ዘመድ የሚልከው ካሜራ በአሜሪካ ከተፈቀደለት ሱቅ የተገዛ ከሆነ ዋስትናው አለ፣ ግን እዚያው ነው። ለማስጠገን በተጓዥ እጅ መመለስ አለበት። ሲወጣ ጉምሩክ ዘንድ ካልተመዘገበ ሲመለስ እንደ አዲስ እቃ ይታያል። ደረሰኙ ዘመዱ ዘንድ ይቀመጥ፣ ፎቶውም ወደዚህ ይላክ። በኒውዮርክ አንዳንድ ትልልቅ ሱቆች ግራጫውን እቃ በግልጽ ለይተው፣ በራሳቸው የሱቅ ዋስትና ሲሸጡ ኖረዋል፤ ይህ ሐቀኛ አሠራር በኛ ሱቆችም ቢለመድ እመኛለሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ከአውሮፓውያን የፈለጉት የእጅ ሙያ ነበር፤ መድፍ ከውጭ ከሚመጣ ይልቅ እዚሁ የሚሠራ ሰው ፈለጉ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው በዚያው ነው። በካሜራም ሰው ሁሉ ሞዴል ሲመርጥ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለው ጠጋኝ የትኛውን እንደሚፈታ፣ የትኛው ሞዴል መለዋወጫ ከተሰበሩት እንደሚነቀል አስቀድሞ ቢጠይቅ የበለጠ ይጠቀማል። ሰው ሁሉ የያዘው የቆየ ሞዴል፣ ማንም ካልፈታው አዲስ ሞዴል ይሻላል።

ከግራጫው የተረፈው ብር ደግሞ ወደ ሌላ ጌጥ መሄድ የለበትም። ተመሳሳይ ባትሪና ተመሳሳይ ሌንስ የሚወስድ፣ ያገለገለ ሁለተኛ ካሜራ ይገዛበት። ግዢው በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢያልቅ፣ አሥራ አምስቱ የመፈተኛ ቀናት ከጥር ሰርግ ቀድመው ያልፋሉ፤ ሻጩም ገና ሱቁ ውስጥ ሳለ ጉድለቱን ማሳየት ይቻላል።