«ሲስተሙ አይቀበለውም» ሲባል፦ የክላስና የኦብጀክት ምንነት ለአገልግሎት ፈላጊዎች

በመንግሥት ተቋማት የአገልግሎት መስኮቶች ተገልጋዮች ደጋግመው ከሚሰሟቸው ምላሾች አንዱ «ሲስተሙ አይቀበለውም» የሚለው ነው። ምላሹ ጉዳዩን ያለቀ ያስመስለዋል። ይሁን እንጂ ሲስተሙ የሚቀበለውንና የማይቀበለውን አስቀድሞ የወሰነ ሰው አለ፤ ውሳኔውም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክላስ ተብሎ በሚጠራው የፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ ነው። ክላስንና ኦብጀክትን ለይቶ ማወቅ ሙያው ላልሆነ ሰውም ይጠቅማል። የገጠመው ችግር በራሱ መዝገብ ላይ የተፈጠረ ስሕተት ይሁን ወይም መዝገቡ ከተቀረጸበት ንድፍ የመነጨ መሆኑን ተረድቶ ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል እንዲያቀርብ ያስችለዋል።

ክላስ ንድፍ ነው። ለምሳሌ የልደት ምዝገባ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ በቅድሚያ «ልደት» የሚል ክላስ ያዘጋጃል። በክላሱ ውስጥ የማንም ሕፃን ስም የለም፤ ያለው ማንኛውም የልደት መዝገብ የሕፃኑን ስም፣ ፆታ፣ የትውልድ ቀንና ቦታ እንዲሁም የእናትና የአባት ስም መያዝ እንዳለበት የሚወስን መግለጫ ነው። አንድ ሕፃን ሲመዘገብ ፕሮግራሙ በዚህ ንድፍ መሠረት አንድ ኦብጀክት ይፈጥራል፤ መስኮቹም በዚያ ሕፃን መረጃ ይሞላሉ። ሺህ ሕፃናት ቢመዘገቡ ሺህ ኦብጀክቶች ይኖራሉ፤ ክላሱ ግን ያው አንዱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ክላስ ከባዶ ቅጽ፣ ኦብጀክትም ከተሞላ ቅጽ ብዙም የሚለይ አይመስልም። ዋናው ልዩነት ክላስ ከመረጃ መስኮች በተጨማሪ ተግባራትንም የሚይዝ መሆኑ ነው። የወረቀት ቅጽ የተጻፈበትን ይዞ ከመቀመጥ ያለፈ ሥራ የለውም። የልደት ኦብጀክት ግን «ዕድሜ አስላ» ተብሎ ሲታዘዝ የያዘውን የትውልድ ቀን ከዕለቱ ቀን ጋር አነጻጽሮ መልስ ይሰጣል፤ «ቀን አስተካክል» ሲባልም አዲሱ ቀን ተቀባይነት ያለው መሆኑን ይመረምራል። ተግባሩ በክላሱ ውስጥ የተጻፈው አንድ ጊዜ ቢሆንም እያንዳንዱ ኦብጀክት በራሱ መረጃ ላይ ይፈጽመዋል።

በጥንቃቄ የተዘጋጀ ክላስ መስኮቹ ከውጭ በቀጥታ እንዳይነኩ ይሸፍናቸዋል፤ ማንኛውም ለውጥ የሚያልፈው በተግባራቱ በኩል ብቻ ነው። የመስኮት ሠራተኛው የተመዘገበን ስም በቃል ጥያቄ ብቻ ደልዞ መለወጥ የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አሠራሩ ተገልጋዩን ቢያሰለችም፣ ሌላ ሰው መዝገቡን ያለ ማስረጃ እንዳይለውጥበት የሚጠብቀውም ይኸው አሠራር ነው።

ሐሳቡ የመነጨው በኖርዌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኦስሎ የኖርዌይ የኮምፒውተር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ኦሌ-ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎር ሲሙላ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያዘጋጁ ሲሆን፣ ክላስና ኦብጀክት በግልጽ የታዩት በ1967ቱ ሲሙላ 67 ነው። የሥራው መነሻ የገሃዱን ዓለም ሂደቶች፣ ከእነዚህም መካከል ደንበኞች ተሰልፈው የሚጠብቁበትን ወረፋ፣ በኮምፒውተር አስመስሎ ማጥናት ነበር። ክላስና ኦብጀክት ከወረፋ ጥናት ጋር አብረው መወለዳቸው ለአገልግሎት ፈላጊ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው እንደ ጃቫና ፓይተን ያሉ ቋንቋዎች ይህንኑ ሐሳብ ተቀብለዋል።

ንድፍ ሲሳሳት የሚያስከትለው ጉዳት ከአንድ መዝገብ ስሕተት ይለያል። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር 13 ወራት አሉት። የቀን ክላስ ያዘጋጀው ባለሙያ የሌላ አገር አሠራር ተከትሎ የወር ቁጥር ከ1 እስከ 12 ብቻ እንዲሆን ከወሰነ፣ በጳጉሜን የተወለደ ማንኛውም ሰው ትክክለኛ ቀኑን ማስመዝገብ አይችልም። 13ኛውን ወር የፈቀደ ነገር ግን ቀኖቹን በ5 የገደበ ክላስም ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደን ሕፃን ይመልሳል፤ ቀኑ ግን በእርግጥ የነበረ ቀን ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለጊዜው ተብሎ ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ቢጻፍ፣ ልጁ በኋላ ለትምህርት፣ ለፓስፖርትና ለጡረታ በሚያቀርባቸው ሰነዶች መካከል የማይታረቅ ልዩነት ይፈጠራል። በተለይ መስከረም 1 ከተጻፈ የትውልድ ዓመቱ ጭምር ይለወጣል።

የስም ጉዳይም እንዲሁ ነው። ለኢትዮጵያዊ የተለመደው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። በውጭ የተነደፈ ክላስ ግን ብዙ ጊዜ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም የሚሉ መስኮችን ይጠብቃል። አንዱ ተቋም በቤተሰብ ስም መስክ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ቢያስገባ ለአንድ ሰው ሁለት የማይመሳሰሉ ኦብጀክቶች ይፈጠራሉ። የፊደል ልዩነትም ይታከልበታል፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በአንባቢ ዘንድ አንድ ስም ቢሆኑም፣ ክላሱ እነዚህን ፊደላት አቻ አድርጎ እንዲቆጥር ካልተጻፈ በስተቀር ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው።

በተቃራኒው፣ ሁለት ኦብጀክቶች በሁሉም መስኮቻቸው ተመሳሳይ ሆነው የሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እስከ አያት ስም የሚገጥሙና በአንድ ቀን የተወለዱ ሰዎች ቢኖሩ፣ በስምና በቀን ብቻ የሚለይ ሲስተም አንዱን በሌላው ቦታ ሊተካ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መዝገብ የማይደገም መለያ ያስፈልገዋል፤ የፋይዳ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር የሚሰጠው ጥቅምም አንዱ ይህ ነው።

ክላሶች አንዳቸው ከሌላቸው ይወርሳሉ። «ወሳኝ ኩነት» የሚል አንድ ወላጅ ክላስ ኩነቱ የተፈጸመበትን ቀንና ቦታ ይይዛል ቢባል፣ «ልደት»፣ «ጋብቻ»፣ «ፍቺ» እና «ሞት» ይህን ወርሰው የየራሳቸውን ይጨምራሉ፤ ለምሳሌ ጋብቻ የተጋቢዎችንና የምስክሮችን ስም። ለተገልጋዩ ትርጉሙ፣ በወላጁ ክላስ የተፈጠረ ስሕተት በአራቱም አገልግሎቶች ላይ መታየቱ፣ ሲታረምም በአራቱም መታረሙ ነው።

ችግር የገጠመው ተገልጋይ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ተመሳሳይ ጉዳይ ያላቸው ሌሎች ሰዎች ተስተናግደው እንደሆነ ነው። ሌሎች በጳጉሜን ተመዝግበው የእርሱ ቀን ብቻ ተሳስቶ ከተጻፈ ስሕተቱ የኦብጀክት ነው፤ መዝገቡ ለሚገኝበት ጽሕፈት ቤት ማስረጃ አያይዞ የእርማት ማመልከቻ ማቅረብ ይገባዋል። ማንም በጳጉሜን መመዝገብ ካልቻለ ግን ስሕተቱ የክላስ ነው፤ የመስኮት ሠራተኛው መልካም ፈቃድም ሆነ በተደጋጋሚ መመላለስ አይፈታውም። ጥያቄው ሲስተሙን ለሚያስተዳድረው ተቋም በጽሑፍ መቅረብ አለበት። በማመልከቻው ላይ የተሞላው መስክ የትኛው እንደሆነ፣ የገባው መረጃና በስክሪኑ ላይ የታየው መልእክት ቃል በቃል ቢገለጽ ባለሙያው ችግሩን ለማግኘት ይቀለዋል፤ «ሲስተሙ እምቢ አለ» የሚል አቤቱታ ብቻውን ለማረም አያግዝም።

ክላስን መለወጥ ጊዜ የሚወስደው ኮዱን መጻፍ ከባድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የአያት ስም መስክ ዛሬ ቢጨመር ቀደም ሲል የተፈጠሩት መዝገቦች በሙሉ ያ መስክ ባዶ ሆኖ ይቀራሉ፤ የሚሞሉበትን ማስረጃና ሥርዓት ተቋሙ መወሰን ይኖርበታል። ስለሆነም አንድ ሲስተም መሻሻሉ ሲገለጽ፣ ከማሻሻያው በፊት የተመዘገበ ሰው መረጃው በአዲሱ ንድፍ መሠረት መሟላቱን፣ ሰነዱ በአስቸኳይ ከሚያስፈልገው ቀን አስቀድሞ ቀርቦ ቢያረጋግጥ ይመረጣል።